ማረሻ፣ ማግኔትና ጥማድ ኤሌክትሮን፦ የፌሮማግኔትነትና የሱፐርኮንዳክቲቪቲ አብሮ መኖር

ቡሬ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ማረሻ ሲያሾል አጠገቡ የቆመ ሰው የፌሮማግኔትነትን ዋና ሕግ በዓይኑ ማየት ይችላል። ወናፉ ከሰሉን ሲያግመው የማረሻው ጫፍ መጀመሪያ ደም ይመስላል፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካንማ ይደርሳል። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ በመዳብ ሽቦ የተንጠለጠለ ማግኔት ወደ ቀዝቃዛው ጭራ ሲጠጋ ተስቦ ይጣበቃል። ወደ ጋለው ጫፍ ለአፍታ ቢያስጠጉት ግን ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የኤሌክትሮኖቹ ስፒን፣ ማለትም የየራሳቸው ትንሽ ማግኔትነት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ መሰለፉን ይተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ሰልፉ ይመለሳል።

ሌላው ሥርዓት የሚገኘው በብርዱ ጫፍ ነው። ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 ላይደን ውስጥ ሜርኩሪን እስከ 4.2 ኬልቪን ሲያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ጠፋ፤ ይህ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ይባላል። ምክንያቱን ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 አስረዱ፦ ኤሌክትሮኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይጠመዳሉ። ለጎጃም አንባቢ “ጥማድ” ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። በተለመደው ጥማድ የአንዱ ስፒን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ነው። ፌሮማግኔት ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እንዲያይ ያስገድዳል፣ ጥማዱንም ይፈታል። ስለዚህ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ እሳትና ጭድ ተደርገው ታዩ።

በ1977 የተጠኑት የኤርቢየም፣ ሮዲየምና ቦሮን ውህድ እና የሆልሚየም፣ ሞሊብዲነምና ድኝ ውህድ ይህን እምነት ያጠናከሩ መሰሉ። የመጀመሪያው ከ8.7 ኬልቪን በታች ሱፐርኮንዳክተር ይሆንና ወደ 0.9 ኬልቪን ሲወርድ ፌሮማግኔትነቱ ተነሥቶ ያፈርሰዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን የቆዩት በጠባብ የሙቀት ክልል ብቻ ነበር። እዚህ ማግኔትነቱ የኤርቢየም አተሞች ነው፤ ሱፐርኮንዳክቲቪቲውን የሚሸከሙት ሌሎች ኤሌክትሮኖች ናቸው። ጠቡ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ነበር ማለት ይቻላል።

በ2000 ከካምብሪጅ የወጣው ውጤት ግን ጥያቄውን ራሱን ቀየረው። ዩራኒየምና ጀርማኒየም የተዋሃዱበት ዩጂኢ2 በተለመደው ግፊት እስከ 52 ኬልቪን አካባቢ ፌሮማግኔት ነው። ከ1 እስከ 1.6 ጊጋፓስካል ሲጨመቅ፣ ይኸውም ከከባቢ አየር ግፊት አሥር ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ሲጫነው፣ ከ1 ኬልቪን በታች ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ማግኔትነቱም አይለቀውም። ግፊቱ ጨምሮ ማግኔትነቱ ሲጠፋ ሱፐርኮንዳክቲቪቲውም አብሮ ይጠፋል። ጠላቱ ሲሞት የሚሞት ጠላት የለም። ሁለቱንም የሚሠሩት ያው የዩራኒየም ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ጥማዳቸውም ስፒናቸው ወደ አንድ ወገን የሚያይ ሊሆን ይገባል። ፌይና አፔል እንዲህ ያለውን ጥማድ በ1980 በስሌት ጠቁመው ነበር። በ2001 ዩራኒየም ሮዲየም ጀርማኒየም፣ በ2007 ዩራኒየም ኮባልት ጀርማኒየም ያለ ምንም ግፊት ተከተሉ።

በአገራችንም በአዲስ አበባና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የፊዚክስ ሰዎች ይህን አብሮ መኖር ግሪን ፋንክሽን በሚባል የስሌት ዘዴ መርምረዋል። ለዚህ ሥራ ፈሳሽ ሂሊየም አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃል። የተሳሰሩ ሁለት እኩልታዎች ይወጣሉ፣ አንዱ ለጥማዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ለማግኔትነቱ መጠን። ሁለቱም ከዜሮ በላይ የሚሆኑበት ክልል ሲገኝ አብሮ መኖሩ ታየ ይባላል። በእኔ እምነት ይህ ብቻውን አይበቃም። የዩራኒየም ውህድን በተቃራኒ ስፒን ጥማድ ጀምሮ የሚያሰላ ሰው ኩርባው ቢያምርለትም ዋናውን ጥያቄ ዘሎታል። መጀመሪያ መመለስ ያለበት የጥማዱ ዓይነት ነው።

ላቦራቶሪም ያሳስታል። ዚርኮኒየም ዚንክ2 በ2001 ፌሮማግኔትም ሱፐርኮንዳክተርም ነው ተብሎ ነበር። በ2005 ሲጣራ ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ናሙናው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲቆረጥ ገጹ ላይ ከተፈጠረ ስስ ሽፋን የመጣ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት ግሬኖብል ላይ ተመራማሪዎች ዩራኒየም ሮዲየም ጀርማኒየምን በማግኔት መስክ ውስጥ አስገቡት። ሱፐርኮንዳክቲቪቲው 2 ቴስላ አካባቢ ጠፋ። መስኩን ማሳደጋቸውን ቀጠሉ፤ 8 ቴስላ ላይ ተመለሰ፣ እስከ 13 ቴስላም ጸንቶ ቆየ።