«ውይይት ተካሄደ» ሲባል ምን ተካሄደ?

በአገራችን ዜና «ከኅብረተሰቡ ጋር ውይይት ተካሄደ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ጆሮ ያለ አይመስለንም። ግድብ ሲታሰብ ውይይት ይካሄዳል፤ መንገድ ሲወጣ ውይይት ይካሄዳል፤ ሰፈር ሲነሣም ውይይት ይካሄዳል። አዳራሽ አለ፣ ባነር አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ፣ አንዳንዴም አበል አለ። በመጨረሻ አንድ ሰው ተነሥቶ «አስተያየታችሁን ወስደናል» ይላል። ወዴት እንደወሰደው ግን አይነግረንም።

ዛሬ የዚህችን ዓረፍተ ነገር ታሪክ እናውራ። ለታሪኩ ካናዳ ድረስ እንሄዳለን። ለምን ካናዳ? ነባር ሕዝቦችን፣ ማለትም ፈረንጅ ሳይመጣ በፊት በምድሩ ላይ የነበሩትን፣ ሳያማክሩ መሬታቸውን መንካት ፍርድ ቤት የሚያስቆም ጉዳይ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ነው። ማማከሩ ራሱ እንጀራ የሚበላበት ሙያ የሆነውም እዚያ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1969 የፒየር ትሩዶ (የጀስቲን አባት) መንግሥት «ነጭ ወረቀት» የተባለ ፖሊሲ አወጣ። ሐሳቡን ላይ ላዩን ሲያዩት ያምራል፤ የነባር ሕዝቦች ልዩ ሕጋዊ አቋም ቀርቶ እንደማንኛውም ካናዳዊ እኩል ይሁኑ ነው የሚለው። ችግሩ የመሬትና የውል ጥያቄያቸውንም አብሮ የሚቀብር መሆኑ ነበር። የሚገርመው ደግሞ መንግሥት ወረቀቱን ከማውጣቱ በፊት መሪዎቻቸውን እየሰበሰበ አወያይቷል! መሪዎቹ በየስብሰባው ያነሡት ስለ መሬታቸውና ስለ ውላቸው ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ያ ሁሉ ንግግር የለበትም። ቁጣው በረታ፣ መንግሥትም ወረቀቱን ተወው።

በ1973 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የኒስጋ ሕዝብ በፍራንክ ካልደር መሪነት መሬቱን ለማንም እንዳልሸጠና እንዳላስረከበ ጠቅሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በውጤቱ ተሸነፈ። ነገር ግን ከ7ቱ ዳኞች 6ቱ ነባር ሕዝቦች ፈረንጅ ሲመጣ በመሬታቸው ላይ በሕግ የሚታወቅ መብት እንደነበራቸው ተቀበሉ። 3ቱ መብቱ ዛሬም አለ ሲሉ 3ቱ ጠፍቷል አሉ፤ 7ኛው በሥነ ሥርዓት ምክንያት መዝገቡን ዘጋው። ሽንፈት ቢሆንም መንግሥትን እንቅልፍ የነሣ ሽንፈት ነበር። የኒስጋዎቹ ጠበቃ ቶማስ በርገር ይባላል። ይህን ስም ያዙልን።

በዚያው ሰሞን የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። የትልልቅ ኩባንያዎች ኅብረት ከአላስካ ተነሥቶ በማኬንዚ ወንዝ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ የጋዝ ቧንቧ ሊዘረጋ አሰበ። ቧንቧው የሚያልፈው ዴኔ፣ ኢኑቪያሉትና ሜቲ የተባሉ ሕዝቦች በሚያድኑበትና በሚያጠምዱበት ምድር ነው። መንግሥት በማርች 1974 ጉዳዩን የሚያጣራ ሰው ሾመ፤ ያን ጊዜ ዳኛ የነበረውን ቶማስ በርገርን።

በርገር ምን አደረገ? እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንይ፤ ኋላ «አክብሮት ያለው ምክክር» እየተባለ በየሥልጠናው የሚነገረው ነገር ብዙው እዚህ አለና።

አንደኛ፣ ገንዘብ። ኩባንያዎቹ ጠበቃም ባለሙያም አላቸው፤ አዳኙ ግን ማን አለው? በርገር ለነባር ሕዝብ ድርጅቶችና ለአካባቢ ጥበቃ ቡድኖች ከመንግሥት ካዝና ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲሰጥ አስደረገ። የራሳቸውን ባለሙያ ቀጠሩ፣ የራሳቸውን ጥናት ይዘው መጡ።

ሁለተኛ፣ ቦታና ቋንቋ። የባለሙያዎቹ ክርክር በየሎውናይፍ ከተማ ሲካሄድ በርገር ራሱ ወደ 35 መንደሮች ሄደ። በማኅበረሰብ አዳራሽ፣ አንዳንዴም በአደን ሰፈር ተቀምጦ፣ በአስተርጓሚ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ሰማ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ተናገሩ። የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የየዕለቱን ውሎ በእንግሊዝኛና በየሕዝቡ ቋንቋ በሬዲዮ ያስተላልፍ ስለነበር አንዱ መንደር ሌላው ያለውን እየሰማ ይጠብቀው ነበር።

ሦስተኛ፣ ማስረጃ። አዳኞች የሚያጠምዱበትንና የሚሰፍሩበትን ቦታ በካርታ ላይ አሰፈሩ። ኩባንያው ባዶ ነው ያለው ምድር በካርታው ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ታየ። የሽማግሌው ቃልም እንደ መሐንዲሱ ቃል ማስረጃ ሆኖ መዝገብ ውስጥ ገባ።

በ1977 ሪፖርቱ ወጣ። በሰሜናዊ ዩኮን በኩል፣ የካሪቡ አጋዘን በሚወልድበት ሜዳ፣ ቧንቧ ፈጽሞ አይለፍ አለ። በማኬንዚ ሸለቆ በኩል ደግሞ የመሬት ጥያቄው እስኪፈታ 10 ዓመት ይቆይ አለ። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ፕሮጀክት ቆመ።

ይህን ስናነብ «ልማት ጠል» የሚል ድምፅ ከሩቅ ይሰማናል። እስቲ የሆነውን እንይ። በእነዚያ ዓመታት የተጀመረው ድርድር ፍሬ አፈራ፤ ኢኑቪያሉት በ1984፣ ግዊቺን በ1992፣ ሳህቱ በ1993 የመሬት ስምምነት ፈረሙ። በ2000 የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የቧንቧ ባለድርሻ የሚሆኑበት የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በአዲሱ የማኬንዚ ፕሮጀክት አንድ ሦስተኛ ድርሻ ለመያዝም ተስማሙ። ትናንት «አይሆንም» ያሉት ሰዎች ባለቤት ሊሆኑ መጡ ማለት ነው! ኋላ ፕሮጀክቱ ፈቃድ ቢያገኝም ኩባንያዎቹ በ2017 ተዉት። ያን ጊዜ ያስቆመው ገበያው ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን በ2004 የሃይዳ ሕዝብ ስለ ደኑ ባቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። መንግሥት የሕዝቡ መብት በፍርድ እስኪረጋገጥ ሳይጠብቅ የማማከር ግዴታ አለበት አለ። ግዴታው የመንግሥት እንጂ የኩባንያው አይደለም፤ የአሠራር ሥራውን ግን ለኩባንያው ሊያስተላልፍ ይችላል። ሕዝቡም «አይሆንም» ብሎ የመሻር ሥልጣን የለውም።

በዚህች «ያስተላልፍ» በምትለዋ ቀዳዳ አንድ ገበያ አበበ። ኩባንያው አማካሪ ይቀጥራል፤ አማካሪው ስብሰባ ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ስንት ደብዳቤ እንደተጻፈና ስንት ስልክ እንደተደወለ በሠንጠረዥ ያሰፍራል። ከነዚህ መካከል ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ፣ ከነባር ሕዝቦቹ ራሳቸው የወጡም ባለሙያዎች አሉ። ችግሩ ያለው ሠንጠረዡን ከንግግሩ የሚያስበልጠው አሠራር ላይ ነው። በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የትራንስ ማውንቴን የነዳጅ ቧንቧን ማስፋፊያ ፈቃድ ሲሽር አንደኛው ምክንያት ይኸው ነበር። የመንግሥት ተወካዮች ሕዝቡ ያለውን መዝግበው ለበላይ ከማድረስ ያለፈ ሥራ እንዳልሠሩ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው እንዳልነበረ ፍርድ ቤቱ ገለጸ። መንግሥት እንደገና አማክሮ በ2019 ድጋሚ ፈቀደ፤ ቧንቧው በ2024 ሥራ ጀመረ።

አውስትራሊያ ደግሞ የባሰውን አሳየችን። በሜይ 2020 ሪዮ ቲንቶ የብረት ማዕድን ለማውጣት ሲል በጁካን ሸለቆ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት የተጠለለባቸውን ዋሻዎች በድማሚት አፈረሰ። ቦታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀርቶ ይሆን? በፍጹም! አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ከ7,000 በላይ ቅርሶች አውጥተዋል። ከመካከላቸው 4,000 ዓመት ያስቆጠረ የተጎነጎነ የሰው ፀጉር ነበር፤ ዘረመሉም ከዛሬዎቹ ባለቤቶች ጋር የሚዛመድ ሆኖ ተገኝቷል። ሪፖርቱ ተጽፏል፤ ኩባንያውም በሕግ ፈቃድ ነበረው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚና ሁለት ኃላፊዎች ከሥራቸው ለቀቁ፤ ዋሻው ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ቤታችን። በእኛ አገር ማን ነባር ነው ማን መጤ የሚለው ጥያቄ የራሱ ጦስ አለው፤ እሱን እዚህ አንጎትትም። የመንግሥታቱ ድርጅት በ2007 የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በ144 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ ሲያጸድቅ (ካናዳ ከተቃወሙት አንዷ ነበረች፤ በ2021 በሕጓ አስገብታዋለች) ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። ነገር ግን ለመመካከር ነባር መባል አያስፈልገንም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። መብቱ አለ፤ የጎደለን የበርገር ትዕግሥት ነው።

ከኛ ትውልድ ብዙዎች በጥናት ድርጅትና በኤን ጂ ኦ ተቀጥረን መጠይቅ ይዘን ገጠር እንወርዳለን። አዳራሹ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምንይዘው እኛው ነን። ስለዚህ በሚቀጥለው ውይይት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የሚናገረው ሰው የራሱን ባለሙያ የሚያቆምበት ገንዘብ አለው ወይ? በቋንቋው፣ በቀየው፣ በራሱ ጊዜ ነው ወይ የሚናገረው? «አይሆንም» ወይም «ቆይ» ቢል የሚለወጥ ነገር አለ ወይ? ለሦስተኛው መልስ ከሌለ ቃለ ጉባኤው ላይ «ውይይት ተካሄደ» ብለን አንጻፍ። «ተነገራቸው» ብለን እንጻፍ። ቢያንስ ቃሉ እውነት ይሆናል።