ከለገሃር እስከ አዋሽ፣ ያለ ባቡር

ፈረንሳይን አይቼ አላውቅም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በሚታሰቡበት የሐምሌ ገብርኤል ማግስት፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአንዲት አሮጌ መኪና የፈረንሳይን ገጠር ተጉዤበታለሁ ብል ከእውነት ብዙ የራቅሁ አይመስለኝም።

አራታችንም የአንድ አካባቢ ልጆች ነን፤ ሁለታችን ከቂርቆስ፣ ሁለቱ ከካዛንቺስ። ከካዛንቺሶቹ አንዱ ኑሮውን ሊዮን ካደረገ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በየዓመቱ ጥር ላይ እየደወለ «አንድ ክረምት ብቅ በሉና መኪና ተከራይተን ገጠሩን ላሳያችሁ» ይለን ነበር። ጥር የእነርሱ ክረምት ነው። እኛ በበጋ ፀሐይ ደጅ ተቀምጠን ስለ በረዶ ስንሰማ ነገሩ ተረት ይመስለን ነበር። ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀን ሁለት ጊዜ ተመለስን። በመጨረሻ እርሱ ራሱ መጣ። የመጣው ግን የተወለደበትን ቤት ለማየት ነበር፤ የካዛንቺስ ሰፈሩ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ቦታው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን የጎረቤቱ የዳቦ ቤት የትኛው ላይ እንደነበረ ተከራከርን። ሳንስማማ ቀረን። ያን ጊዜ ነው እርሱ «ወደ ለገሃር እንውረድ» ያለው።

ለገሃር ፈረንሳይኛ መሆኑን ልጅ ሳለን የነገረን አልነበረም። «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው። ካዛንቺስም እንዲሁ የባዕድ ቃል ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ያሠራ የነበረውን ተቋም ኢንቺስ ይሉት ነበርና፣ «ካዛ» ከሚለው የቤት ስም ጋር ተጋጥሞ በእኛ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ተቋሙ ከወራሪው ጋር ሄደ፤ ስሙን ግን ኢንቺስ ምን እንደሆነ ጠይቀው የማያውቁ እናቶች ሰማንያ ዓመት ያህል ሲጠሩት ኖሩ። አስገራሚው ነገር ባቡሩ ራሱ የፈረንሳይ ስም የሌለው መሆኑ ነው። «ባቡር»ም «ሐዲድ»ም በዐረብኛ በኩል ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። ፈረንሳዮች ቤቱን ሰየሙ፤ ማሽኑን ግን የሰየሙት፣ እንደሚመስለኝ፣ ብረቱን የተሸከሙት ናቸው።

የሐዲዱ ታሪክ የሚጀምረው አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ነው። ከኢልግ ጋር የተሻረከው ፈረንሳዊ ነጋዴ ሌዎን ሼፍኔ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ በረሓውን አቋርጦ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ወይም ይበልጥ በትክክል፣ ድሬዳዋ እንድትመሠረት አደረገ፤ ምክንያቱም ወደ ሐረር ተራራ መውጣት እጅግ ከባድ ሆኖ ስለተገኘ መሥመሩ ከታች በሜዳው ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቆመ። የገንዘብ እጥረት አንዱ ምክንያት ነበር፤ ሆኖም ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ መሥመሩን በእጁ ማስገባቱን ምኒልክ ሲሰሙ፣ ለንግድ የፈቀዱት ሐዲድ የባዕድ መንግሥት ክንድ ሆኖ ወደ ቤታቸው ሲዘረጋ ታያቸው። በታሪክ መጻሕፍታችን ምኒልክ የሚወደሱት ባቡር በማስገባታቸው ነው፤ እኔ ግን ሳይፈሩ «ቆይ» ማለታቸውንም ከዚያ አላሳንሰውም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈርሞ አዲስ ኩባንያ ቆመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ከዚያ በፊት፣ በ1906 ዓ.ም. ታኅሣሥ አርፈዋል። በዋና ከተማቸው የባቡር ጡሩንባ ሳይሰሙ ሄዱ።

አሁን የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። ፊቱ ላይ አማርኛና ፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ተጽፎበታል። ከደጁ በንግሥናው ዋዜማ፣ በ1923 ዓ.ም.፣ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ሮም ተወስዶ የተመለሰ ነው። ጃንሆይም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ለስደት የወጡት በዚሁ መሥመር ነበር። ስለዚህ ሁሉ ስናወራ ዝናቡ አንበሳው ላይ ይወርድ ነበር። ሊዮን የሚኖረው ጓደኛችን ሕንፃውን ትክ ብሎ አይቶ «ይህን በክረምት ከባቡር መስኮት ዘወትር አየዋለሁ፤ በየመንደሩ አለ» አለ። «እንግዲያ መንደሮቹን አሳየን» አልነው። ጉዞው የታሰበው በዚህች ቃል ነው። በማግስቱ ማለዳ ተነሣን።

ፈጣኑን መንገድ ትተን አሮጌውን ያዝን፤ ሐዲዱ ከእርሱ ብዙ አይርቅም። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ። ሞጆንና አዳማን በጭጋግ ውስጥ አለፍናቸው፤ ከወለንጪቲ በኋላ ደመናው ከኋላችን ቀርቶ ቆላው ተከፈተ። ባቡሩ ይሄድበት በነበረው ዘመን ይህ የደጋው ብርድ ልብስ የሚወልቅበት ቦታ መሆን አለበት። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞታል። በ1950ዎቹ ትንሽ ኩሬ የነበረው ይህ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ የፈረንሳዮቹን ሐዲድ ያሸነፈው መኪና ብቻ እንዳልሆነ ውኃውን ያየ ይረዳዋል። ከሐይቁ ባሻገር የፈንታሌ ተራራ ተቀምጧል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥና ጥር ምድሩን ሲያናውጥ ሰንብቶ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ያስነሣው አካባቢ ነው። ተራራው ያን ዕለት ምንም እንዳላደረገ ሰው ጸጥ ብሎ ነበር።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ቀትር አልፏል። በጥንቱ ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለነበረ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈጀው መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን እዚህ ያድር ነበር። ከጣቢያው ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘን። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ሥራ ነው። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» አልናቸው። ጓደኛችን ፈረንሳይ እንደሚኖር ሲሰሙ ወዲያው በፈረንሳይኛ ጀመሩት፤ እርሱም መለሰላቸው። ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ከሼፎቹ አፍ የለቀሙት ቋንቋ ነበር፤ ሆኖም ጓደኛችን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። በኋላ ሲነግረን፣ እንዲህ ያለ አነጋገር አሁን ፈረንሳይ ውስጥ የሚሰማው ከጡረተኞች ብቻ ነው። ኩባንያው ከአገሩ ይዞት የመጣው የአያቶች ፈረንሳይኛ በአዋሽ ጥላ ሥር ሳይቀየር ተቀምጧል።

ስለ ድልድዩ ስንጠይቃቸው ግን ወደ አማርኛ ተመለሱ። በጥር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ ባቡር እዚህ አጠገብ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገብቷል፤ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። እኛ ቂርቆስ ውስጥ የዚያን ጊዜውን ለቅሶ በወሬ እንሰማ ነበር፤ ከለገሃር ዘመድ ሊቀበሉ ወርደው ባዶ እጃቸውን ስለተመለሱ ሰዎች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ዝም አሉ። እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

አሮጌው መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ እስከ ድሬዳዋ የመሄድ አሳብ ነበረን፤ ግን ጓደኛችን «ይበቃኛል» አለ። ስንመለስ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሽቦ ከርቀት ታየን። መነሻው ለቡ ነው፤ ለገሃርን አይነካም።

ቃሊቲ ስንደርስ ጨልሞ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። መኪናውን የሚነዳው ጓደኛችን እንደ ልማዱ እያንዳንዳችንን የት እንደሚያወርደን ጠየቀ። ሊዮን የሚኖረው እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው «እኔን ካዛንቺስ» አለ። ማንም አላረመውም። መኪናው ከመስቀል አደባባይ በባምቢስ በኩል ሽቅብ ታጠፈ።