የ«ማክሉርስ» መጽሔት የጃንዋሪ 1903 ዕትም
ኒው ዮርክ፣ አሜሪካ፤ በወረቀት ላይ የታተመ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ሳሙኤል ማክሉር ከጆን ፊሊፕስ ጋር በ1893 የመሠረቱት ይህ ወርኃዊ መጽሔት፣ እንደ «ሃርፐርስ» ያሉት ነባር መጽሔቶች በ35 ሳንቲም ሲሸጡ ዋጋውን በ15፣ ኋላም በ10 ሳንቲም ወስኖ፣ ወጪውን በአብዛኛው በማስታወቂያ ገቢ እየሸፈነ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አንባቢዎችን አፈራ። ዕትሙ ሦስት የምርመራ ጽሑፎችን ይዟል፦ አይዳ ታርቤል የነዳጅ ገበያውን ጠቅልሎ ስለያዘው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ፣ ሊንከን ስቴፈንስ በሚኒያፖሊስ ከተማ ስለተንሰራፋው የባለሥልጣናት ሙስና፣ ሬይ ስታናርድ ቤከር ደግሞ በድንጋይ ከሰል ማዕድን አድማ ወቅት ሥራ ባላቆሙ ሠራተኞች ላይ ስለደረሰው ጥቃት የጻፏቸው። ጸሐፊዎቹ የባለሥልጣንንና የባለሀብትን ቃል እንዳለ ከመቀበል ይልቅ ሰነዶችንና የምስክሮችን ቃል ያመሳክሩ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ባደረጉት ንግግር፣ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ጆን በንያን በተዋሱት ምሳሌ፣ ከነውር በቀር ሌላ የማይታያቸውን ጸሐፊዎች «ቆሻሻ ጫሪዎች» ሲሉ ነቀፉ፤ ስያሜው ግን የዘመኑ የምርመራ ጋዜጠኞች የጋራ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስታንዳርድ ኦይልም በ1911 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ተለያዩ ኩባንያዎች እንዲከፋፈል ተደረገ።