መወልወልና ማጠብ፤ የጠመንጃ ዝገት ምክንያት እንዴት እንደ ታወቀ

በተለመደው የአማርኛ አነጋገር ጠመንጃ ይወለወላል እንጂ ይታጠባል አይባልም። ቃሉ ልማዱን ይገልጻል። ባለጠመንጃው ከተኮሰ በኋላ በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፥ ቅባት አስነክቶ፥ በበርሜሉ ውስጥ ያመላልሳል፤ ጨርቁ ጥላሸት ሳይዝ ሲወጣለት ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጥረዋል። ይህን የመሰለው አሠራር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በኤውሮፓና በአሜሪካ አንድ አስቸጋሪ ነገር ታየ፤ በሚገባ ተወልውሎና ተቀብቶ የተቀመጠ ጠመንጃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውስጡ ዝጎ ይገኝ ጀመር። የዚህ ምክንያት በግልጽ ተመርምሮ እስኪታተም ድረስ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። ታሪኩ የሚጠቅመው ለመሣሪያ ዐዋቂዎች ብቻ አይደለም፤ አንድ ልማድ ምክንያቱ ሳይታወቅ እንዴት ሊጠቅም እንደሚችል፥ ምክንያቱ ሳይመረመር ሲጣልም ምን ጉዳት እንደሚከተል ለሚያጠኑ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አሮጌው ጥቁር ባሩድ የሚሠራው ከፖታሲየም ናይትሬት፥ ከከሰልና ከድኝ ነው፤ መጠኑም በተለመደው አሠራር 75፥ 15 እና 10 በመቶ ያህል ነበር። ይህ ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ጢስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ጥቂት ጊዜ የተተኰሰበት በርሜል ጥቍርና ወፍራም እድፍ ስለሚይዝ፥ ያለ ውሃ ሊጸዳ አይችልም ነበር። ስለዚህ የጥቁር ባሩድ ዘመን ወታደር ጠመንጃውን በውሃ ያጥብ ነበር፤ ይህንንም ያደርግ የነበረው እድፉ ዓይን የሚያየው፥ እጅ የሚዳስሰው፥ ጥይትም እንዳይገባ የሚያግድ በመሆኑ ነው። ከእድፉ ጋር ሌላ የማይታይ ጠላት አብሮ እየታጠበ እንደሚወጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ የማይታይ ጠላት የሚመነጨው ከባሩዱ ሳይሆን፥ ባሩዱን ከምትለኩሰው ቅመም ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 ባሩድን በምት ለማቀጣጠል የሚያስችለውን ዘዴ በፓተንት ባስመዘገበ ጊዜ፥ የተጠቀመበት ቅመም ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት። ከዚያ በፊት በ1800 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሃዋርድ ከባዜቃ የሚሠራውን ፉልሚኔት ለማኅበረ ሊቃውንት አስታውቆ ነበር። በኋላም እነዚህ ቅመሞች፥ አንዳንድ ጊዜ ለየብቻ፥ አንዳንድ ጊዜም ተቀላቅለው፥ በቀለሁ ቂጥ መካከል በምትቀመጠው ትንሽ መለኰሻ ውስጥ ሲሠራባቸው ኖረ። ፖታሲየም ክሎሬት ሲነድ ኦክሲጅኑን ሰጥቶ ራሱ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል። ይህም በጠባዩ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ ገበታ ጨው በውሃ ይሟሟል፥ እርጥበት ሲያገኝም ብረትን ያዝጋል። ከአንድ ጥይት የሚተርፈው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ቢሆንም፥ በበርሜሉ ጠመዝማዛ ፈለግ ላይ እንደ ስስ ዱቄት ተነስንሶ ይቀመጣል።

በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886ም የፈረንሳይ ሠራዊት በዚህ ባሩድ የሚሠራውን የለበል ጠመንጃ ተቀበለ። ሌሎቹም መንግሥታት ወዲያው ተከተሉት። አዲሱ ባሩድ ሲነድ ሁለንተናው ጋዝ ወደ መሆን ስለሚቀርብ፥ በበርሜሉ ውስጥ የሚታየው እድፍ እጅግ አነሰ። ከዚህም የተነሣ ውሃ አላስፈላጊ፥ እንዲያውም ለብረት አደገኛ መሰለ፤ ቅባትና ጨርቅ በቂ ናቸው ተባለ። የመለኰሻው ጨው ግን አልቀነሰም። ቀድሞ በብዙ እድፍ መካከል ተበትኖ፥ ከእድፉም ጋር በውሃ ታጥቦ ይወጣ የነበረው ጨው፥ አሁን በተወለወለ ብረት ላይ ብቻውን ቀረ። በአሜሪካም በ1890ዎቹ መጨረሻ ባዜቃው የናስ ቀለህን የሚያሰባብር ሆኖ በመገኘቱ ከጦር ሠራዊቱ ጥይት ሲወገድ፥ በእርሱ ቦታ የመለኰሻው ዋና ቅመም የሆነው ክሎሬት ነበር። ኤፍ. ኤ. 70 በተባለው የኋለኛው የአሜሪካ መለኰሻ ውስጥ ክሎሬቱ ከግማሽ በላይ ነው። ባሩዱ እየጠራ በሄደ መጠን ዝገቱ እየባሰ የሄደበት ምሥጢር ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ግን ጥፋቱን የጣሉት በአዲሱ ነገር፥ ማለት በባሩዱ ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ጢስ አልባው ባሩድ አሲድ ትቶ ይሄዳል አሉ፤ ሌሎቹም ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ይደበቅና በኋላ እንደ ላብ ይወጣል አሉ። የተጸዳ በርሜል በማግሥቱ እንደገና ቈሽሾ መገኘቱ ይህን ሐሳብ እውነት አስመሰለው። በአሜሪካ ተኳሾች ከጥይቱ ልባስ የሚቀረውን የኒኬልና የመዳብ ቅሪት ለማውጣት በአሞኒያ የተሠራ ፈሳሽ በበርሜሉ ውስጥ ያፈስሱ ነበር፤ ዝገቱ ሲቀርላቸውም አሞኒያው አሲዱን ያበረደው መሰላቸው። በእውነቱ ጨውን ያሟሟው አሞኒያው ሳይሆን፥ የፈሳሹ አብላጫ ክፍል የሆነው ውሃ ነበር። የእንግሊዝ ሠራዊት በበኩሉ በ1895 በተቀበለው የሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃ ላይ በአዲሱ ባሩድ እየተኰሰም የፈላ ውሃ የማፍሰስን ልማድ አልተወም፤ ወታደሩ ውሃውን በጥይት መጉረሻው በኩል አፍስሶ፥ ከዚያ በገመድ በታሰረ ጨርቅ ያደርቅና ይቀባ ነበር። እንግዲህ ትክክለኛው ሥራ ከትክክለኛው ምክንያት ቀድሞ ይኖር ነበር።

ምክንያቱን በሙከራ የገለጸው ዊልበርት ሃፍ ነው። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ በ1922 ባሳተመለት ጥናት፥ በቅባት ሥር ስለሚደርስ ዝገትና ስለ ጠመንጃ ከተኩስ በኋላ መዛግ መርምሮ ጽፏል። የጢስ አልባው ባሩድ ቅሪት እንደ ተባለው አጥፊ አለመሆኑን፥ ዝገቱን የሚያመጣው ከመለኰሻው ክሎሬት የሚቀረው ጨው መሆኑን አሳየ። የተተኰሰበት በርሜል በደረቅ አየር ውስጥ ሲቀመጥ ሳይበላሽ ይቈያል፤ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን ይዝጋል። አሲድ ቢሆን ኖሮ የአየሩ መድረቅ ይህን ያህል ልዩነት ባላመጣ ነበር። ቅባት ያልፈየደበትም ምክንያት በዚህ ተገለጠ፤ ጨው በቅባት አይሟሟም፥ በቅባቱ ሥር ተሸፍኖ ይቀመጣል እንጂ፤ ስሱ የቅባት ልባስም እርጥበቱን ጨርሶ ሊያግደው አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው አሠራር ቀላል ነው። ጠመንጃው በተተኰሰበት ዕለት፥ ጥይት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፥ ውሃ በበርሜሉ ውስጥ ይፈስሳል። የፈላ ውሃ የሚመረጠው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 34 ግራም ያህል ፖታሲየም ክሎራይድ ሲያሟሟ፥ ሲፈላ 56 ግራም ያህል ያሟሟል። ሁለተኛ፥ የሞቀው ብረት ራሱን ቶሎ ያደርቃል። መለኰሻው በሚነድበት ጊዜ ጋዙ የሚነካው የመዝጊያው ግንባርና የጥይት መጉረሻው ክፍልም አብረው መታጠብ አለባቸው። ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ በስሱ ይቀባል፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀንም ይታያል። ቅባት የሚጠቅመው ጨው ከወጣ በኋላ ነው፤ ሳይወጣ ግን ጥፋትን መሸፈን ብቻ ይሆናል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላም ለውጡ ፈጥኖ አልመጣም። በጀርመንና በአሜሪካ የንግድ ጥይት ሠሪዎች በ1920ዎቹ የማያዝግ መለኰሻ ለገበያ ሲያቀርቡ፥ የጦር ሠራዊቶች ግን ክሎሬቱ በመጋዘን ለብዙ ዘመን ሳይበላሽ ስለሚቈይ አልለቀቁትም። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለኤም 1 ካርባይን ብቻ የማያዝግ ጥይት አዘጋጀች፤ የጋዝ መግፊያውን ወታደሩ ፈትቶ ሊያጸዳው አይችልም ነበርና። በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ ኤውሮፓ ክሎሬት ያለበት የጠመንጃ ጥይት እስከ 1980ዎቹ ድረስ ተሠርቷል። ይህም ጥይት ከመጋዘን ወጥቶ በትርፍ ዕቃነት ስለ ተሸጠ፥ አሮጌ የጦር ጠመንጃ የሚተኵስ ሰው እስከ ዛሬ የሚያገኘው ችግር ነው።

ለኢትዮጵያ የመሣሪያ ታሪክም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሰናድር የሚባለው የእንግሊዙ ስናይደር፥ ውጅግራም የተባለው የፈረንሳዩ የ1874 የግራ ጠመንጃ፥ ሁለቱም ለጥቁር ባሩድ የተሠሩ ናቸው፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. (1896) በዐድዋ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ነበሩ። ለበልና ማውዘር ሲከተሉ፥ ከተኩስ በኋላ የሚታየው ጥላሸት አነሰ፤ የማይታየው ጨው ግን ቀረ። ዝገቱ የሚወሰነው በአየሩ እርጥበት ስለሆነ፥ በበጋ ተተኵሶ ጉዳት ያልታየበት ጠመንጃ፥ በክረምት በዚያው አያያዝ ሊበላ ይችላል። በ2010ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ሰብሳቢዎች ሄደዋል፤ ብዙዎቹም የረጅም አገልግሎትና የዝገት ምልክት ይታይባቸዋል። የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ቍርቍር ያዘለ በርሜል የሰነፍ ባለቤት ማስረጃ ተደርጎ ሊነበብ አይገባውም፤ ባለቤቱ ሳያሰልስ የወለወለው ጠመንጃ እንዲህ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ የመሣሪያን ልማድ የሚመዘግብ ተመራማሪ ባለሙያው የሚሰጠውን ምክንያትና ባለሙያው የሚሠራውን ሥራ ለየብቻ መጻፍ ይገባዋል። በአሞኒያው የታመነው ምክንያት ስሕተት ነበር፥ ሥራው ግን ትክክል፤ ጢስ አልባ ባሩድ ንጹሕ ነው ያለው ምክንያት እውነት ነበር፥ ውሃን መተዉ ግን ጥፋት። ሁለቱን አደባልቆ የመዘገበ፥ ምክንያቱ ሲፈርስ ሥራውን አብሮ ይጥለዋል።