ስም የለወጥንለት በሽታ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ሳንሱሲ ባለው ቤታችን፣ እናቴ «አተት» የሚለውን ቃል ከራድዮ ሰምታ «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። የተማርኩ ነኝና «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው» ብዬ ፊደሎቹን ተነተንኩላት። ምንነቱን ግን አልነገርኳትም። እርሷም ተቅማጥ አዲስ ነገር ስላልሆነባት ከጀሪካኑ እየቀዳች መጠጣቷን ቀጠለች። ውሃ ማፍላት የጀመረችው የጎረቤታችን ልጅ በሸክም ሐኪም ቤት ከተወሰደ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ።

ኮሌራ በአገራችን ስመ ብዙ ነው። የቀደሙት ፈንግል ብለውታል፤ በ1880ዎቹ ክፉ ቀን «የነፋስ በሽታ» ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1866 ጣና ዳር ቆራጣ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሰፈር ሲመታ፣ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። ተዋሲውን ባያውቁትም አደጋውን አላቃለሉትም።

ተዋሲው ራሱም መልኩን ይለዋውጣል። ኤል ቶር የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1905 በሲና፣ የሐጅ ተጓዦች ማቆያ በነበረችው ኤል ቶር ተገኘ። በ1961 ከኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ተነሥቶ በ1970 አፍሪካን ረገጠ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ገባ። ዓለምን ያዳረሰው ከቀደመው ስለከፋ አይደለም፤ ስለለዘበ ነው። ብዙውን ሰው ሳያሳምም በሆዱ ያድራል፤ ጤነኛ መሳዩ መንገደኛም ይዞት ይሻገራል። በ1992 በሕንድና በባንግላዴሽ የተከሰተው ኦ139 ደግሞ የውጭ ሽፋኑን ስለቀየረ፣ በቀድሞው ታመው የዳኑትን እንኳ አልማረም። ቆየት ብሎም የጥንቱን ዝርያ መርዝ የታጠቀ ኤል ቶር ተነሣ። በ2017 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ከ1970 ወዲህ ይህ ወረርሽኝ ከእስያ ወደ አፍሪካ ቢያንስ 11 ጊዜ መሻገሩን አሳይቷል።

ተዋሲው ቢለዋወጥም መከላከያው አልተለወጠም፤ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የታጠበ እጅ፣ ለታመመውም ሳይዘገይ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር። ሰው ግን ወደዚህ የሚሮጠው የመጣበትን ሲያውቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በሽታው ዳግም ሲነሣ በይፋ «ኮሌራ» ተባለ። እናቴ ዜናውን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ይህን ስም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በ1963 ዓ.ም. ትልልቆቹ በፍርሃት ሲጠሩት ሰምታለች።

«ያኔ እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን፣» አለችኝ፣ «ውሃውን የዚያኑ ዕለት አፈላው ነበር።»

መልስ አልነበረኝም።