ሰንጋው ያወረሰው ስም

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ! የዛሬው ወሬዬ የአዲስ አበባ ነው፤ መነሻዬ ግን እዚሁ እንፍራንዝ ነው።

ለፎገራ ጎረቤት ስለ ሰንጋ አላስተምርም። ገዢው ሰንጋውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ጨበጥ፣ ታፋውን ዳሰስ ያደርጋል። «አጥንት ብቻ!» ብሎ ያጣጥለዋል፤ ልቡ ግን ወዶታል። ሻጩም ያውቅበታል። በመጨረሻ ደላላው መሀል ገብቶ ያጨባብጣቸዋል።

ከሜክሲኮ አደባባይና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ በማይርቅ ስፍራም እንዲህ ያለ ገበያ ነበር። ሰንጋ እየተደረደረ ስለሚሸጥበት ሕዝቡ «ሰንጋ ተራ» አለው። የአዲስ አበባ ሰው ልማዱ ነው፤ በግ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ሚስማር ተራ እያለ ሰፈሩን በሸቀጡ ይጠራል።

ኋላ ሰንጋው ሄደ፣ ባንኩ መጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር የሚረዝም ሕንፃውን በ2014 ዓ.ም. አስመረቀ፤ ሌሎች ባንኮችም በዙሪያው ፎቅ በፎቅ ሆኑ። ሹሙ «የፋይናንስ ማዕከል» ይለዋል፤ የታክሲ ረዳቱ ግን «ሰንጋ ተራ! ሰንጋ ተራ!» እያለ ይጣራል።

የኒውዮርኩ የገንዘብ ሰፈር ዎል ስትሪትስ? ሆላንዶች በ1653 እ.ኤ.አ. ጠላት ፈርተው ካቆሙት የእንጨት ቅጥር ነው ስሙን ያገኘው። ያኛውን ሰፈር ፍርሃት ሰየመው፤ የእኛን ገበያ።

ገበያ የሰጠው ስም ሁሉ ግን አያኮራም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ እንፍራንዝን ሲያይ የዝባድና የባሪያ ንግድ የሞቀባት ከተማ ነበረች። እኛም ሰፈራችንን በሸቀጡ ብንጠራ ኖሮ፣ «ዝባድ ተራ» እያልን ስንኮራ «ባሪያ ተራ» አንገታችንን ያስደፋን ነበር።

ሰንጋ ተራ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የጥንት ሮማውያን እንኳ ለገንዘብ ስም ያወጡለት ከከብት ነው። የእኛም ገበሬ ቢሆን ትርፍ ሲያገኝ ወይፈን ይገዛል፤ ያደልበዋል፤ ልጅ ሲድር ወይ ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጠዋል። ቁጠባውም ወለዱም በረት ውስጥ ነው።

እንግዲህ አንዱ ተነስቶ «ለባንክ ሰፈር ይህ ስም አይመጥንም፣ ይቀየር» ቢላችሁ፣ «መጀመሪያ ባንኩ ሰንጋ የሚያህል ወለድ ይክፈለን» በሉት!