የተማሪ ዐይንና ተከሳሾቹ፤ ከብሬስላው ትምህርት ቤቶች እስከ ዘመናችን ስክሪን

በዛሬ ጊዜ የአንድ ወጣት ዐይን ደከመ በተባለ ቍጥር ጥፋተኛ ሆኖ የሚቀርበው ስልኩ ነው። እናት ልጇን ስትቈጣ፥ መምህርም ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ሰሌዳው እንዳልታየው ሲረዳ፥ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ስክሪን ላይ ማፍጠጥህ ነው እንዲህ ያደረገህ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስልክን ከክሱ ነጻ ማውጣት አይደለም። ነገር ግን ክሱ በዕድሜ ከተከሳሹ በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚበልጥ ማሳየት፥ ሰዎችም በየዘመናቸው ማንን ሲከሱ እንደ ኖሩና በክሱ ምክንያት ምን መድኀኒት እንደ ሞከሩ መመርመር ነው። መድኀኒት የሚታዘዘው ክሱን ተከትሎ ስለ ሆነ፥ ጥፋተኛውን መሳት ቀላል ስሕተት አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን የነገሩን ምንነት እንወቅ። ሐኪሞች ማዮፒያ የሚሉት ጕድለት የቅርቡን አጥርቶ የሩቁን አደብዝዞ የሚያሳይ ነው። የዐዋቂ ሰው የዐይን ኳስ ከፊት እስከ ኋላ በአማካይ 24 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ልጁ ሲያድግ ኳሱ ከመጠን በላይ የረዘመ እንደ ሆነ፥ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና በተባለው የኋላ ግድግዳ ላይ መሰብሰቡ ቀርቶ ከእርሱ ፊት ይሰበሰባል። የ1 ሚሊሜትር ትርፍ ርዝመት ከ2.5 እስከ 3 ዲዮፕትር የሚደርስ መነጽር ያስፈልገዋል። የረዘመውም ኳስ ተመልሶ አያጥርም። ጕድለቱ ከ6 ዲዮፕትር ሲያልፍ ነገሩ የመነጽር ጕዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የተወጠረውና የሳሳው ሬቲና ከቦታው ሊላቀቅ፥ ግላኮማም ሊከተል፥ በኋላ ዕድሜ ደግሞ የመካከሉ ዕይታ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ መነጽር ዋጋ ብቻ አይደለም።

በዚህ ታሪክ መጀመሪያ የምናገኘው የከዋክብት መርማሪውን ዮሐንስ ኬፕለርን ነው። እርሱ ራሱ ዐይኑ ደካማ ነበረ። ኬፕለር በ1604 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፍ ሥዕል የሚያርፈው በሬቲና ላይ መሆኑን ገልጦ፥ የሩቁ ለማይታየው ሰው ጐድጓዳ መስተዋት የሚረዳበትን ምክንያት አስረዳ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በንባብና በረቂቅ ሥራ የሚጠመዱ ሰዎች ዐይናቸው የቅርቡን እንደሚለምድም ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጣሊያናዊ ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1713 ባሰፋውም እትም ውስጥ ረቂቅ ሥራ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ዐይናቸው እንደሚጐዳ አመለከተ። ምክሩ ሥራቸውን አልፎ አልፎ እየተዉ ዐይናቸውን ወደ ሌላ ነገር እንዲመልሱ ነበር። በዛሬው ቀን ለኮምፒዩተር ሠራተኛ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እስከዚህ ድረስ ያየነው የብልህ ሰዎች ግምት ነው፤ ቈጠራ የጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ጄምስ ዌር የተባለ የለንደን የዐይን ሐኪም በ1813 በወጣው ጽሑፉ ሁለት ዐይነት ወጣቶችን አነጻጸረ። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ባሉባቸው የእግረኛ ዘበኞች ክፍለ ጦሮች ውስጥ፥ በ20 ዓመት ያህል ጊዜ በዚህ ጕድለት የተባረሩት ወይም ሳይቀጠሩ የቀሩት ስድስት እንኳ አይሞሉም ነበር። በኦክስፎርድ ባለ አንድ ኮሌጅ ግን ከ127 ተማሪዎች 32ቱ መነጽር ወይም በእጅ የሚያዝ መስተዋት ይጠቀሙ ነበር። የዌር ቈጠራ ጕድለት አለው። ወታደሩ ዐይኑ ቢደክምም ማን ጠየቀውና ይናገራል? የሩቁ የማይታየው የሀብታም ልጅስ ከአደን ይልቅ መጽሐፍን የመረጠው ዐይኑ ስለ ደከመ ሊሆን አይችልምን? ምክንያቱንና ውጤቱን እንዲህ አገላብጦ መጠየቅ እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ጥናት ዋና ፈተና ሆኖ ኖሯል።

ከቈጠራዎቹ ሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው የሄርማን ኮን ሥራ ነው። ኮን ያን ጊዜ የፕሩሲያ፥ ዛሬ ግን የፖላንድ በሆነችው በብሬስላው ከተማ የዐይን ሐኪም ነበረ። በ1867 የ10,060 ተማሪዎችን ዐይን የመረመረበትን መጽሐፍ አሳተመ። ያገኘውም ቍጥር እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ ነው። በገጠር ትምህርት ቤቶች ማዮፒያ ያለባቸው ከመቶ 1.4 ነበሩ፤ በከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 6.7፥ ሳይንስና ዘመናዊ ቋንቋ በሚሰጥባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 19.7፥ ላቲንና ግሪክ በሚነበብባቸው ጂምናዚየሞች ደግሞ 26.2 ደረሱ። በአንዱ ጂምናዚየም ውስጥ እንኳ ከታችኛው ክፍል ወደ ላይኛው ሲወጣ ቍጥሩ እየጨመረ ሄዶ፥ በመጨረሻው ክፍል ከግማሽ አለፈ። ዌርን ያስቸገረው ጥያቄ እዚህ ላይ በከፊል ተመለሰ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ያለው መውጣት በአጋጣሚ የሚሆን አይደለምና።

ኮን የከሰሰው ማንን ነው? ሦስት ነገሮችን ከሰሰ፤ ልጁን አጐንብሶ የሚያስነብበውን ወንበርና ጠረጴዛ፥ የደቀቀውን የመጽሐፍ ፊደል፥ የጨለመውንም ክፍል። ስለ ፊደል ሲጽፍ የትንሿ ፊደል ቁመት ከ1.5 ሚሊሜትር እንዳያንስ ጠየቀ። ስለ ክፍሉ ያስተዋለው ነገር ግን የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያለበት መንገድ በጠበበ፥ ፊት ለፊቱ ያለው ሕንጻ ከፍ ባለ፥ ክፍሉም ወደ ምድር ቤት በቀረበ መጠን ማዮፒያ ያለባቸው ልጆች ይበዙ ነበር። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ከሦስቱ ተከሳሾች የብዙውን ሰው ዐይን የሳበው ወንበሩ ሆነ። በጀርመን አገርና በጎረቤቶቿ የትምህርት ቤት ወንበር ማሻሻል ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ የልጁን ፊት ከመጽሐፉ የሚያርቁ የብረት ድጋፎች ተሠሩ፤ ጽሕፈት ቀጥ ብሎ ይጻፍ ወይስ ተጋድሞ በማለት ሐኪሞችና መምህራን ተከራከሩ። በለንደን በ1908፥ በቦስተንም በ1913 ዐይናቸው የደከመ ልጆች ተለይተው የሚማሩበት ትምህርት ተከፈተ፤ በዚያ ልጆቹ ንባብ እንዲቀነስላቸው፥ በትልልቅ ፊደልም እንዲጽፉ ይደረግ ነበር። ወንበሩ ተሻሻለ፤ የልጆቹ ጀርባ ተጠቅሞ ይሆናል፤ ማዮፒያ ግን አልጠፋም።

ተስፋው ሲጐድል ክሱ ወደ ሌላ ዞረ። የዙሪኩ ሐኪም አዶልፍ ሽታይገር በ1913 ባወጣው መጽሐፍ ጕድለቱ ከአባትና ከእናት የሚወረስ እንጂ በንባብ የሚመጣ አይደለም ሲል ተከራከረ። ይህ ሐሳብ ለብዙ ዐሥርታት ዓመታት በሐኪሞች ዘንድ የበላይነት አገኘ። አንድ ነገር ይወረሳል ከተባለ በኋላ ማን መስኮት ያሰፋል? የጥፋተኛው መለወጥ የመድኀኒቱን ፍለጋ እንዴት እንዳዘገየ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የውርስን ሐሳብ ክፉኛ ያናጋው ማስረጃ የመጣው ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ነው። በአላስካ ባሮው በተባለችው የኤስኪሞዎች ከተማ ተመርምሮ በ1969 በወጣው ጥናት፥ ከ131 ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ማዮፒያ የተገኘባቸው 2 ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት ከገቡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መካከል ግን ከግማሽ በላይ ሆኑ። የአንድ ሕዝብ ደም በአንድ ትውልድ አይለወጥም። እንዲሁም በ1993 በኢየሩሳሌም ስለ 870 ወጣቶች የወጣው ጥናት እንዳመለከተው፥ ቀኑን ሙሉ የሃይማኖት መጻሕፍት ከሚያነቡት ከአጥባቂ አይሁድ ወንዶች ልጆች ከመቶ 81.3ቱ ማዮፒያ ሲኖርባቸው፥ በተራ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ወንዶች 27.4ቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ከአጥባቂው ወገን የሆኑት ሴቶች ልጆች ከመቶ 36.2 ነበሩ። ደሙ አንድ፥ ትምህርቱ ልዩ። ውርስ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ውርስ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም ማለቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ስክሪኑ እንምጣ። በታይዋን ከ1983 ጀምሮ በተደረጉት አገር አቀፍ ምርመራዎች፥ ከ16 እስከ 18 ዓመት ካላቸው ተማሪዎች መካከል ማዮፒያ ያለባቸው በ1983 ከመቶ 74፥ በ2000 ደግሞ 84 ነበሩ። ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ባለ ስክሪን ስልክ በብዛት መሰራጨት የጀመረው ከ2007 በኋላ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ከአራት ወጣቶች የሦስቱን ዐይን ያደከመው ነገር፥ ስልኩ ከመፈጠሩ በፊት ሥራውን ጨርሶ ነበር ማለት ነው። በደቡብ ኮሪያ በሴኡል በ2010 ለውትድርና ከተመረመሩት የ19 ዓመት ወንዶች ከመቶ 96.5ቱ ማዮፒያ ነበረባቸው፤ እነዚህም ልጆች ያደጉት ከስልኩ ይልቅ በመጽሐፍና በፈተና ዘመን ነው።

ታዲያ ሳይከሰስ የቀረ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን? በ2008 በወጣ አንድ ጥናት በሲድኒና በሲንጋፖር የሚኖሩ የቻይና ዘር ያላቸው የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ተነጻጸሩ። የወላጆቻቸው ዐይን ተመሳሳይ ነበረ። በሲንጋፖር ከመቶ 29.1፥ በሲድኒ 3.3 ልጆች ማዮፒያ ነበረባቸው። የሚያስደንቀው የሲድኒዎቹ ልጆች በሳምንት ብዙ መጽሐፍ ያነቡ የነበሩ መሆናቸው ነው። ልዩነቱ በሌላ በኩል ነበር፤ የሲድኒዎቹ በሳምንት 13.75 ሰዓት፥ የሲንጋፖሮቹ ግን 3.05 ሰዓት ብቻ ከቤት ውጭ ይውሉ ነበር። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ነው፤ በጠራ ሰማይ በውጭ ያለው እስከ 100,000 ይደርሳል። በጫጩቶችና በጦጣዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ብርቱ ብርሃን የዐይኑን መርዘም እንደሚያዘገይ አሳይተዋል፤ ሊቃውንቱ በሬቲና ውስጥ የሚገኘው ዶፓሚን የተባለው ቅመም ለዚህ ድርሻ አለው ብለው ያስባሉ።

በቻይና በጓንግዦው ከተማ 12 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተከፍለው፥ የከፊሎቹ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ በውጭ እንዲያሳልፉ ተደረገ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፥ በሦስት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ልጆች አዲስ ማዮፒያ የያዛቸው ከመቶ 30.4፥ ከሌሎቹ 39.5 ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ወንበር፥ የፊደል መጠንና የብረት ድጋፍ በብዙ ዓመት ያላስገኙት ነው። ታይዋንም ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎቿ በቀን 120 ደቂቃ በውጭ እንዲያሳልፉ መከረች። ለዐሥርታት ሲጨምር የኖረው ዕይታቸው የደከመ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ቍጥር በ2012 ከነበረበት 49.4 ከመቶ በ2015 ወደ 46.1 ወረደ። የኮን ጠባብና ጨለማ መንገድ ትዝ የሚለን እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በ1867 መልሱን በእጁ ይዞት ነበር፤ ተከታዮቹ ግን አናጢ ጠሩ።

ስልኩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ንጹሕ ነውን? አይመስለኝም። በቻይና በፌይቼንግ ከተማ በየዓመቱ የልጆች ዐይን ይመረመር ነበር፤ በኮቪድ ምክንያት ልጆቹ በቤት ተዘግተው በስክሪን ከተማሩ በኋላ በ2020 ሲመረመሩ፥ ከ6 ዓመት ልጆች ማዮፒያ ያለባቸው ከመቶ 21.5 ሆኑ። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከፍተኛው ቍጥር 5.7 ነበረ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ሆነ፤ ስክሪኑ ገባ፥ ፀሐይ ወጣች ሲባል ልጁ አልወጣም። በ2025 የታተመ 45 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ በቀን አንድ ሰዓት ተጨማሪ ስክሪን ከ21 ከመቶ ከፍ ካለ የማዮፒያ ዕድል ጋር ተያይዞ መገኘቱን ይናገራል። እኔ እንደሚመስለኝ ስልኩ የመጽሐፉ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከታላቁ የሚከፋው በቅርበቱ ብቻ ሳይሆን፥ መጽሐፍ የሰለቸው ልጅ ወደ ሜዳ ይሮጥ ሲል ስልክ የያዘው ልጅ የማይሰለች መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የነገሩ መልክ ይለያል። በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፥ ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዐይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማም 11.5 ከመቶ ያዘ። በመነጽር ሊቃና የሚችለው ጕድለት 7.8 ከመቶ ነበር፤ መነጽር በማጣት ብቻ ዕውር ሆኖ መኖር ማለት ነው። ስለዚህ የሴኡልን ጭንቀት እንዳለ ወስዶ የእኛ ማድረግ አይገባም። ይሁን እንጂ ቀድሞ የቄስ ተማሪ ፊደልና ዳዊት ይቈጥር የነበረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር በዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ ፊደሉ በብራና ላይ ደቆ ቢጻፍም ብርሃኑ የሰማይ ብርሃን ነበር። የዛሬው የአዲስ አበባ ልጅ ከክፍል ወደ መኪና፥ ከመኪና ወደ ኮንዶሚኒየም ይገባል። በእኛ መኝታ ክፍል ከምንኖር ስድስት ተማሪዎች መነጽር የምናደርገው ሁለት ነን፤ ሁለታችንም ያደግነው በከተማ ነው፤ አራቱ የገጠር ልጆች ናቸው። ስድስት ሰው ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ኮን ከገጠር ትምህርት ቤት እስከ ጂምናዚየም ያደረገውን ቈጠራ ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ ለማድረግ፥ ለመጀመሪያው ደረጃ የሚያስፈልገው ሄርማን ስኔለን በ1862 ያወጣው የፊደል ሰሌዳ፥ 6 ሜትር ርቀትና እያንዳንዱ ልጅ በቀን ስንት ሰዓት በውጭ እንደሚውል የሚጻፍበት ደብተር ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን የላቲን ፊደል ለማያውቁት ልጆች ደግሞ ሐኪሞች እጅ በማሳየት ብቻ የሚመለስ፥ አቅጣጫው የሚለዋወጥ አንድ ምልክት ያለበት ሌላ ሰሌዳ አላቸው።